«አብሽሪ» ያላት ባለባጃጅ

ኢስሃቅ ታሪክ የሚወደው ከፊቱ ቆሞ ፎቶ እስኪነሳ ድረስ ብቻ ነው። ይህን እህቱ ሀውራ ከማንም በላይ ታውቃለች። በ2014 ጥር ዕረፍት ወስዶ ከአዲስ አበባ ውጫሌ መጣና «ተነሺ፣ ሐይቅን፣ ላሊበላን፣ ጎንደርን ላሳይሽ» ሲላት የተከተለችው ታሪክ አምሯት አይደለም። አንድ የእህል ነጋዴ ሽማግሌ ከላከባት ሰንብቷል፤ አባቷ አቶ ኑርዬም «ከጉዞሽ ስትመለሺ መልስ ትሰጪኛለሽ» ብለዋታል። እሷ ሰውየውን ከጆንያዎቹ ለይታ አታየውም።

ሐይቅን ጦርነቱ የለቀቃት ገና በቅርቡ ነበር። ያረፉበት ሆቴል ፍራሹ ተዘርፏል፣ በሩ ተገንጥሏል። ኢስሃቅ የተገነጠለውን በር ተደግፎ ፎቶ ተነሳ።

«አታፍርም?» አለችው ሀውራ።

«ታሪክ ነው እኮ!»

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም። የተሳፈሩበት ባጃጅ መንገዱ እስከሚያልቅበት አደረሳቸውና ኢስሃቅ በእግሩ ሲገባ ሀውራ ውሃው ዳር ቀረች። ባለባጃጁም ቀረ።

«አንተ ወንድ አይደለህ? ግባ እንጂ!»

«አንቺን ትቼ?»

«ጠብቀኝ ያለህ አለ?»

«የለም። ግን ብቻሽን እንዲህ ከተቆጣሽ ዓሣው ይሸሽብናል።»

ሳቋ አመለጣትና በራሷ ተናደደች።

ስሙ ሳሊሕ ነው። ሪያድ ብዙ ዓመት ሾፌር ሆኖ ኖሮ ተመለሰና ባጃጅ ገዛ። ጦርነቱ ሲመጣ ጎማዎቹን ፈትቶ ባጃጇን ጭድ ውስጥ ደበቃትና ጎማዎቹን ተሸክሞ ሸሸ።

«ሰው ልጁን አዝሎ ሲሸሽ አንተ ጎማ አዝለህ?»

«እናቴንም ይዤ ነበር። ጎማውን አትጣል ያለችኝ እሷ ናት።»

የላሊበላ መኪና እስኪገኝ ኢስሃቅ በየቀኑ ወደ ገዳሙ ተመላለሰ፤ በሚቀርጸው ቪዲዮ የንጉሥ ስም እየተሳሳተ እንደገና መጀመር ነበረበት። ሀውራም የማትገባበት ገዳም ድረስ በየቀኑ አብራው ሄደች። ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም፤ ኢስሃቅ ከራሱ ሌላ የሚያየው ሰው የለም። እሷና ሳሊሕ ጎን ለጎን ተቀምጠው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ውሃውን ያያሉ። ዝምታ የማትችለው ሀውራ ከእሱ ጋር ስትሆን የምታንኳስሰው ሰው አጥታ ትውላለች። መውደዷን ያወቀችው በዚህ ነው፤ ደነገጠችም።

መኪና በተገኘ ዕለት፣ ዓይኗን ከውሃው ሳታነሳ፣ «አባቴ ውጫሌ ነው» አለችው። «ሽማግሌ ላክ። ካልላክህ ለነጋዴው እሺ እላለሁ።»

የሳሊሕ ፊት በራ። «አብሽሪ!» አላት።

አብሽሪ! ወሎ ውስጥ ይህ ቃል ለታመመ፣ ፈተና ለወደቀ፣ ላም ለሞተችበት የሚባል ነው፤ አይዞሽ ማለት ነው። ሽማግሌ ላክ ብትለው አጽናናት! ሳትሰናበተው ተነስታ ሄደች። መኪናው ውጫሌን ሲያልፍ ቀና ብላ ቤታቸውን እንኳ አላየችም።

ላሊበላ ስልክም መብራትም አልነበረም። ኢስሃቅ ስለ ድንጋዩ ሲያወራ እሷ በሆዷ ሳሊሕን ትራገማለች። ጎንደር ፋሲል ግቢ ቆማ ግንቡን ሽቅብ አየችው።

«ወንዱ ይህን ሁሉ ገነባ፤ አንዱ ሽማግሌ መላክ አቃተው» አለች።

«ምን አልሽ?» አለ ኢስሃቅ።

«ፎቶህን ተነሳ!»

ውጫሌ ስትመለስ ለነጋዴው እሺ ልትል ቆርጣ ገባች። አባቷ ቀደሟት።

«አንድ የሐይቅ ልጅ ሽማግሌ ልኳል፤ ሳሊሕ ይባላል። አንቺ በዚህ ያለፍሽ ዕለት፣ ቤንዚን ጠፍቶ፣ ሽማግሌዎቹን በአሸዋ መኪና ጭኖ ነው ያመጣቸው። ታውቂዋለሽ?»

ሀውራ ለነጋዴው ያዘጋጀችውን እሺ ዋጠችው።

በማግስቱ ሐይቅ ወርዳ ባጃጁ ፊት ተገተረች። «አብሽሪ ብለህ ሸኘኸኝ!»

«እና?» አለ ግራ ገብቶት። «ሪያድ እኮ አብሽር ያለ ሰው፣ እሺ፣ ተፈጽሟል ማለቱ ነው። ወላሂ አፌ ለምዶት ነው!»

«እዚህ ሐይቅ ነው!»

«አጠፋሁ።» አንገቱን ደፋ። «እና… መልስሽ ምንድን ነው?»

ሀውራ ዓይን ዓይኑን አየችው። «አብሽር» አለችው።

የሳሊሕ ፊት ጠቆረ። የባጃጁን መሪ ያዘ፣ ለቀቀ፣ መልሶ ያዘ። ሀውራ በላሊበላና በጎንደር የተቃጠለችውን እያሰበች ዝም አለችው፤ እሱም ትንሽ ይቅመሳት።

«በ… በየትኛው ነው?» አለ በመጨረሻ።

«በሪያዱ ነው፣ አንተ ሞኝ!» ገብታ ከኋላው ተቀመጠች። «ንዳ። ጎማ አትጣል ያሉህን እናትህን አሳየኝ።»