ወደ ግድግዳው የዞረው ወንበር

ሆባርት ታኬት ያቺን አንዲት ዜማ ሲጫወት ወንበሩን ወደ ግድግዳው ያዞራል። የቫዮሊኑን ክሮች ለእሷ ብቻ በተለየ ቅኝት ይቃኛቸዋል። በዚያ የኬንተኪ ሸለቆ ውስጥ ከልጁ ከቨርዲ በቀር፣ ጣቶቹ ዜማዋን ሲጫወቱ ያየ የለም። ቨርዲ ከጎኑ ተቀምጣ በባንጆ ታጅበዋለች። እንግዳ የሚያየው የሆባርትን ጀርባና የሱሪውን ማንጠልጠያ ነው።

ሎንዞ ስቲድሃም እሑድ እሑድ መምጣት እስኪጀምር ድረስ ነገሩ እንዲህ ነበር።

ሎንዞ ግንድ ቆራጭ ነው፤ በየጭፈራውም ቫዮሊን ይጫወታል። ቨርዲን ለትዳር ጠይቋታል። መልስ ግን አልሰጠችውም።

«ላንቺ የሚመጣ መስሎሻል?» አላት አባቷ፣ የበቆሎ ዳቦውን አሬራ ውስጥ እየፈረፈረ። «የሚመጣው ለዜማዬ ነው። ባገባሽ ማግስት ዜማዬን ይዞ በየቫዮሊን ውድድሩ ይዞራል፤ አንቺ ምድጃ ስር ትቀሪያለሽ።»

«እሱ እንደዚያ አይደለም፣ አባዬ።»

«ቀበሮም ዶሮ ቤት ደጃፍ ላይ ጨዋ ነው።»

ነገሩ ከሆዷ ገባ። ከዚያ ወዲያ ሎንዞ ሲስቅ ለምን እንደሳቀ፣ ዝም ሲል ምን እያዳመጠ እንደሆነ ትመረምር ጀመር። በመጨረሻ ወጥመድ አዘጋጀችለት።

«ዜማዋን ላስተምርህ፤ ለአባዬ ግን ትንፍሽ እንዳትል» አለችው።

አስተማረችውም። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ግን ወደ ላይ የሚወጣውን ድምፅ ሆን ብላ ወደ ታች አወረደችው። ይህ ስህተት በሌላ ሸለቆ ከተሰማ ሌባው ማን እንደሆነ ታውቃለች።

ሎንዞ ልክ እንዳስተማረችው ተጫወተ። ከንፈሩ ላይ ፈገግታ ነበር። ያ ይበልጥ አስጠረጠራት።

በሚቀጥለው እሑድ ሆባርት ወንበሩን አዞረ። ቨርዲ ባንጆዋን እየመታች የሎንዞን ግራ እጅ ትከታተላለች። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ይሯሯጣሉ። ሦስተኛው መታጠፊያ ደረሰ። ትንሿ ጣቱ ወደ ላይ ወጣች፤ ቨርዲ ትክክለኛውን ድምፅ በደበቀችበት ቦታ፣ ያውም ከአባቷ ጣት ቀድማ።

ባንጆው ቆመ። ቨርዲ የሎንዞን እጅ ጎትታ ወደ በረንዳ አወጣችው።

«ከየት ሰረቅካት?»

«ማንን?»

«አታሹፍብኝ ሎንዞ! እኔ ያላስተማርኩህን ጣትህ ያውቃል።»

ሎንዞ ባርኔጣውን በእጁ አሽከረከረ። «አባትሽ የሚዞሩት ወደዚህ ግድግዳ አይደል? ሳንቃ እኮ ነው፤ ስንጥቁ በሬ ያሳልፋል። ሁለት በጋ ሙሉ እዚህ ስር፣ ከወንዙ ዳር ግንድ ስጎትት በጆሮዬ ለቀምኳት። ለእንግዳው ሁሉ ጀርባቸውን ሲሰጡ፣ ለእኔ ፊት ለፊት ይጫወቱልኝ ነበር።»

«ታዲያ ስህተት ሳስተምርህ ለምን ዝም አልክ?»

«ካረምኩሽ ትምህርቱ ያልቅብኛላ!»

ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው። ዋሽቶ ቢሆንስ? ይህን ስታስብ ከሳንቃው ወዲያ የሆባርት ድምፅ መጣ። እውነትም ስንጥቁ ቃል አያስቀርም።

«ሁለት ዓመት ይዘሃት አንድ ቦታ እንኳ አልተጫወትካትም?»

«የእኔ አይደለችማ፣ ጋሼ።»

ከውስጥ የቫዮሊኑ መቃኛ ሲንቋቋ ተሰማ።

«ተጫውተሃት ቢሆን ወሬው በደረሰኝ» አለ ሽማግሌው ቀስ ብሎ። «እዚህ አገር ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ይሰማል።»

ቨርዲ ሎንዞን ከጠረጠረችው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትመረምረው አየችው።

«የዚያን ዕለቱን ጥያቄ እስቲ ድገመው» አለችው።

ሠርጉ በመስከረም ሆነ። ሆባርት ያቺን ዜማ ሁለት ጊዜ ተጫወተ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወንበሩ ወደ ሰው ዞሮ ነበር።