ዕቃ ቤት ተብሎ የተሳለው ክፍል

እስቲ መልሱልኝ፤ አልጋ የተዘረጋበት፣ ሰው ከሥራ ደክሞት ገብቶ የሚተኛበት ክፍል ስሙ ምንድን ነው? መኝታ ቤት አላችሁ? ተሳስታችኋል። በካናዳዋ ሰሪ ከተማ፣ አጎት ታርሎቻን በሳለው ፕላን ላይ ስሙ «ዕቃ ቤት» ነው።

ኪራት የዚያን ቀን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ከፊቷ ጠረጴዛዋ፣ ጠረጴዛው ላይ የሒሳብ ደብተሯ፣ ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ከላይኛው ፎቅ ወርዶ የተለጠፈ የውኃ ዋና ውድድር ፎቶዋ አለ። የከተማው ተቆጣጣሪ ቦት ጫማ ደረጃውን ሲወርድ ይሰማታል። እርሳሷን አነሳች፤ የሆነ ቁጥር ጻፈች።

በሰፈሩ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከመሬት ሥር ያለውን ምድር ቤት የሚያከራይ ሰው ግማሹን በሕጉ መሠረት ያስፈቅዳል። የቀረውን ግማሽ በፕላኑ ላይ ዕቃ ቤት ወይም የልጆች መጫወቻ ያሰኘዋል፤ እሱንም ያከራየዋል። ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ቀን የተከራዩ አልጋ ይፈታል፣ ምድጃው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጋራዥ ይገባል፣ የቤቱ ልጅ ደብተር ይዞ ይቀመጣል። ደብተር የያዘን ልጅ ማን ይጠረጥራል? ጎረቤትም ይረዳዳል፤ አንዱ መኪና ያውሳል፣ ሌላው ፍራሽ ያሸክማል። ለሠርግ እንኳ እንዲህ አይተባበሩም።

ተቆጣጣሪው ረጅምና ትሁት ሰው ነበር። ቀና ብሎ ከጣሪያው ሥር ያለችውን መስኮት አየ። መስኮት ካልናት ነው፤ ድመት ታስወጣለች።

«እዚህ የሚተኛ ሰው አለ?»

«የለም፤ የማጠናበት ነው» አለች ኪራት።

ሰውየው የሚተኛ ካለ መስኮቷ እንደማትሆን፣ እሳት ቢነሳ ሰው የሚወጣባት መሆን እንዳለባት ረጋ ብሎ አስረዳ። አባቷ ናቻታር በሩን ተደግፎ እሺ፣ እሺ አለ። ቤቱ ፍተሻውን አለፈ።

ማምሻውን አጎት ታርሎቻን አንድ ካርቶን የወተት ጣፋጭ ይዞ መጣ። ታርሎቻን የሥጋ ዘመድ አይደለም፤ እዚያ ሰፈር ቤት ያሠራ ሰው ሁሉ አጎቴ ይለዋል፣ ፕላን ያስነደፈው በእሱ ነውና። በጉርድዋራው፣ በሲኮች ቤተ ጸሎት፣ ጸሐፊ ነው፤ ጥምጥሙ ሁልጊዜ እንደተተኮሰ ነው። ለኪራት ትልቁን ቁራሽ መርጦ ሰጣት።

«ቤቱን ያሳለፈው የኔ ፕላን አይደለም ልጄ፤ ያንቺ ፊት ነው» አላት። «ፊትሽ ማኅተም ነው።»

ኪራት ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ደስ አላት።

ጣፋጩ ሳያልቅ የጎን በሩ ተንኳኳ። ሩፒ ነበረች፤ ዕቃ ቤቱን የተከራየች፣ ከሕንድ ፑንጃብ ለትምህርት የመጣች፣ ጠዋት ኮሌጅ የምትማር፣ ከሰዓት ዳቦ ፋብሪካ የምታሽግ ልጅ። ቀኑን ሙሉ ጉርድዋራው ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ስታጥብ ውላለች፤ ሌላ የምትቀመጥበት ቦታ አልነበራትማ። ሻንጣዋን ደፉ ላይ አስቀምጣ ወገቧን ያዘች።

«ዕቃ መጥቷል፤ የት ይራገፍ?» አለች።

ሁሉም ሳቁ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው የኪራት እናት ጃስዊር ናት። ከዚያ አልጋውን መልሰው ገጠሙት።

ጥር ላይ ከእነሱ ሦስት መንገድ ዝቅ ብሎ አንድ ቤት ተቃጠለ። ላይ የነበሩት ባለቤቶች በነጠላ ጫማ በረዶው ላይ ወጥተው ተረፉ። ምድር ቤት የነበረው ተከራይ አልተረፈም። ላክቪር ይባላል፤ ዳቦ ፋብሪካው ውስጥ ከሩፒ ጎን ቆሞ ያሽግ ነበር። ያገኙት ከመስኮቱ ሥር ነው አሉ፤ አጠገቡ የወደቀ ወንበር ነበር። የዚያን ቤት ፕላን የሳለው ታርሎቻን መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ክፍሉ በፕላኑ ላይ «የልጆች መጫወቻ» ነበር። እዚያም ደብተር ይዞ የተቀመጠ ልጅ አለ፤ የኪራት የክፍል ጓደኛ ነው። ከእሳቱ ወዲህ ትምህርት ቤት አልመጣም።

ሰፈሩ ምን አለ? አለቀሰ። አስከሬኑን ለእናቱ ለመላክ አዋጣ። እናም ከተማው ቤቶቹን እንደገና ሊፈትሽ ነው የሚል ወሬ ሲመጣ፣ እንባውን ሳይጠርግ አልጋ መፍታት ጀመረ።

የእነ ኪራት ቤት ተራው ማክሰኞ ነበር። አባቷ እራት ላይ ጠረጴዛዋ እንደገና መውረድ እንዳለበት ነገራት። ከረጅም መንገድ ገና መመለሱ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ የጭነት መኪናውም የቤቱም ዕዳ እሱ ጫንቃ ላይ ነው። መስኮቱን ለምን አናሰፋውም ብላ ጠየቀችው።

«ለማስፋት ፈቃድ ይጠየቃል። ፈቃድ ስትጠይቂ ለምን ይሉሻል። አጎትሽ አያስፈልግም ብሏል።»

«ሩፒ ብትቃጠልስ?»

ናቻታር ቂጣውን አስቀመጠ። እናቷ አፍሽን ዝጊ አለቻት፤ ግን እሷም አልበላችም።

«እውነቱን ብንናገር መጀመሪያ የምትባረረው እሷ ናት» አለ ናቻታር። «በዚህ ብርድ የት ልጣላት?»

ከሁሉ የከፋው ይህ እውነት መሆኑ ነው። ኪራት ታች ወርዳ ሩፒን ስታገኛት፣ ሩፒ የላክቪርን የሥራ ጓንት ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። እዚህ ከመምጣቷ በፊት አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሆነው በፍራሽ ላይ ተራ እየጠበቁ እንደሚተኙ ነገረቻት። እንደ ድሮው አልቀለደችም።

«ኪሩዬ፣ ማክሰኞ ተቀመጪልኝ» አለቻት። «አንድ ቀን ብቻ።»

«መስኮቷን አይተሻታል?»

«ስተኛ ጀርባዬን እሰጣታለሁ።»

ቅዳሜ ሩፒ ሥራ እያለች ኪራት ብቻዋን ወረደች። ወንበር አስጠግታ ወጣች። መስኮቷ ወደ ጎን የምትንሸራተት ስለሆነች ብትከፈትም ግማሿ ሁልጊዜ ዝግ ነው። ኪራት ራሷን አሾለከች። አንድ ክንዷ ወጣ። ሁለተኛውን ለማውጣት ትከሻዋን ስታጣምም ደረቷ ተቀረቀረ። ወደፊትም ወደኋላም እምቢ አለ። አፍንጫዋ ሥር በረዶ የሸፈነው ሣር አለ፤ ራቅ ብሎ የአባቷ መኪና ጎማ ይታያል። ጢስ የለም። የሚጮህ የለም። እንዲያም ሆኖ ትንፋሿ እያጠረ መጣ፤ እግሮቿ ከኋላዋ ወንበሩን ፍለጋ አየሩን ረገጡ። በውኃ ዋና ቡድኑ ውስጥ እንደ እሷ ቀጭን ልጅ የለም።

እንደምንም ወደኋላ ስትንሸራተት የመስኮቱ ብረት ከብብቷ እስከ ወገቧ ቆዳዋን ላጠው። ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ላክቪርም ሣሩን አይቶት ይሆናል ብላ አሰበች። ይህን ያህል ቀርቦ።

እሑድ ጠዋት ቤተሰቡ ሲለባብስ ኪራት የሩፒን ፍራሽ እየጎተተች ደረጃውን አወጣችው። እናቷ ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ ክፍል ነው የምትተኛው።»

ጃስዊር ፍራሹን አየች፤ በልጇ ሸሚዝ ላይ የወጣውን የደም መስመር አየች። የፍራሹን ሌላ ጫፍ ያዘች።

ጉርድዋራው ሞልቶ ነበር። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው ተቀምጠዋል። ሩፒ ከኪራት ኋላ ነበረች። ከጸሎቱ በኋላ ታርሎቻን ማይክራፎኑን ያዘ። አስከሬኑ የሚሄድበትን ቀን ተናገረ፤ ያዋጡትን መረቀ፤ ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። ሰውየው ማልቀስ ያውቅበታል።

«የፈጣሪ ፈቃድ ነው» አለ። «ማናችንም ምንም ማድረግ አንችልም ነበር። ስለ ሽኝቱ ጥያቄ ያለው ካለ ይጠይቅ።»

ኪራት ተነሳች። እናቷ የልብሷን ጫፍ ያዘች፤ ግን አልጎተተችም። ከወንዶቹ ወገን አባቷ ቀና ብሎ አያት፤ ወዲያው አንገቱን ደፋ።

«አጎቴ» አለች። «የላክቪርን ክፍል የሳሉት እርስዎ ነዎት። የኛንም የሳሉት እርስዎ ነዎት። ማንም አይተኛበትም ብዬ ለተቆጣጣሪው የዋሸሁት እኔ ነኝ። ትናንት በመስኮቷ ልወጣ ሞከርኩ። አልወጣሁም።»

ታርሎቻን ፈገግ አለ፤ ጣፋጭ ሲያድል እንደሚያደርገው።

«ልጄ፣ ይሄ የቤት ውስጥ ወሬ ነው። ነገ መጥቼ ከአባትሽ ጋር እንጨዋወታለን።»

ኪራት ከኋላዋ ልብስ ሲንኮሻኮሽ ሰማች። ዞር ስትል ሩፒ ቆማለች።

«ቤት ውስጥ ሲወራ ነው የከረመው» አለች ኪራት። «ማክሰኞ እዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም። ያንን ክፍል ሲስሉ ማን ይተኛበታል ብለው ነበር? ማይክራፎኑ እጅዎ ላይ ነው አጎቴ። ነገ አይደለም፣ ለአባቴም አይደለም፤ አሁን፣ እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ ይመልሱልኝ።»