ጠቅ ብሎ የቀረው መርፌ

መሐንዲሱ ሲሞት የጀመረው ቼዝ ገና አላለቀም ነበር። ወንበሩ በጀርባው ወድቋል፣ ጠጠሮቹ በምንጣፉ ላይ ተበትነዋል፣ ሰውየው በመርከቧ ዘጠነኛ ፎቅ የንባብ ክፍል ወለል ላይ ከንፈሩ አብጦ፣ ፊቱ ጠቁሮ ተንጋሏል። ሚስቱ ከጎኑ ተንበርክካ በሁለት እጇ ሁለት የተተኮሱ መርፌዎች ጨብጣለች። ከእጇ ሊያስለቅቃት የቻለ ሰው አልነበረም።

የመርከቧ የደኅንነት ኃላፊ ስትደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ከመስኮቱ ውጭ ባሕሩ አይታይም። ከጠዋት ጀምሮ የወረደው ጉም መርከቧን ጠቅልሎ ይዟታል፤ የማስጠንቀቂያው ጡሩምባ በየሁለት ደቂቃው እንደ ታመመ በሬ ያጓራል። ኃላፊዋ ሃምሳን የተሻገረች፣ ሃያ ዓመት በፖሊስ ምርመራ ያገለገለች፣ ስትራመድም ስትናገርም የማትቸኩል ሴት ናት። ሠራተኞቹ ሲያሟት «እትዬ ቀስበቀስ» ይሏታል፤ ፊት ለፊት ግን «እትዬ» ብቻ።

«ወጋሁት!» አለች ሚስትየው ቀና ብላ ሳታያት። «አንዱን ጭኑ ላይ ተጫንኩት፣ ጠቅ አለ። እስከ አስር ቆጠርኩ። ሲብስበት ሁለተኛውን ደገምኩት፣ እሱም ጠቅ አለ። ምኑን አጠፋሁ? ንገሩኝ፣ ምኑን ነው ያጠፋሁት?»

የሰውየው ጠላት ኦቾሎኒ ነበር። ቅንጣት ታህል ከነካችው ጉሮሮው ይዘጋል። ስለዚህ ሐኪም ያዘዘለትን፣ እስክሪብቶ የሚመስሉ፣ ጭን ላይ ሲጫኗቸው በራሳቸው የሚወጉ ሁለት መርፌዎች ሚስቱ በቀይ ቦርሳ ይዛለት ትዞራለች። ሁለቱም አላዳኑትም። የመርከቧ ሐኪም ሌላ መድኃኒት ይዞ ከታች ሮጦ እስኪደርስ ድረስ የልቡ ምት ቆሞ ነበር።

ካፒቴኑ ኃላፊዋን ወደ ኮሪደሩ ስቦ አወጣት።

«ሕመም ነው፣ እትዬ። ወይም ወጥ ቤቱ ተሳስቷል። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ወደብ እንገባለን፤ ስምንት መቶ መንገደኛ ይበተናል። ነገሩን አናጋንነው።»

«ካፒቴን፣ የሰውየው ሱሪ ነጭ ነው።»

«እና ነጭ ቢሆንስ?»

«ምንም። ነጭ ነው፣ ንጹሕም ነው» አለችና ወደ ክሊኒኩ ወረደች።

ነርሷ ሬሳውን በመብራት ሥር ስታገላብጥ ኃላፊዋ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች።

«መርፌ የወጋው ቦታ አሳዪኝ።»

ነርሷ ግራውን ጭን አየች፤ ቀኙን አየች፤ መብራቱን አስጠግታ ደግማ አየች። «እትዬ... የለም። አንድም ቀዳዳ የለም። ደግሞ ይኼን ይዩ፤ ከቀኝ ጆሮው ጀርባ አለንጋ ያረፈበት ይመስል ሰንበር አውጥቷል።»

«በግራስ?»

«በግራ የለም።»

ኃላፊዋ ጣቷን በሰንበሩ አቅጣጫ በአየር ላይ አስኬደች፤ ቀጥ ያለ፣ ቀጭን መስመር ነው። ምግብ ከጆሮ ጀርባ ምን ይሠራል? ጥያቄውን ለራሷ አስቀረችው።

«ባለፈው እሑድ ለመንገደኞቹ የመጀመሪያ ርዳታ ስታስተምሪ የያዝሻቸው የልምምድ መርፌዎች የት አሉ? እነዚያ መድኃኒትም ሹልም የሌላቸው።»

ነርሷ መሳቢያውን ስባ ቆጠረች። ፊቷ አመድ መሰለ። «ስድስት ነበሩ። አራት ናቸው።»

«ወደዚህ ክፍል ማን ይገባል?»

«የባሕር ማቅለሽለሽ የማያመጣው ማን አለ? ሚስትየው ኪኒን ወስዳለች፤ አብሯቸው የመጣው ጓደኛም ወስዷል። የሟቹ ታናሽ ወንድም ደግሞ በየጠዋቱ ይመጣል። ስኳር አለበት፤ ኢንሱሊኑን የምናስቀምጥለት እኛ ነን። የተጠቀመበትን የሚጥልበት ቢጫ ሳጥንም ሰጥቼዋለሁ።»

ከክሊኒኩ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደች። ዋናው አብሳይ፣ በትእዛዝ አሰጣጡ «ሻለቃው» የሚባለው፣ ገና ሳትጠይቀው አንድ እፍኝ ስስ ወረቀት እያውለበለበ ተቀበላት።

«ይቺ ወረቀት ኦቾሎኒ ከነካች ሁለት ቀይ መስመር ታወጣለች። መክተፊያዬን ፈተንኩ፣ ቢላዬን ፈተንኩ፣ እሱ የበላበትን ሳህን ፈተንኩ። ንጹሕ! ልጄን ሊያገባ የመጣውን ሰው እንኳ እንዲህ አልመረመርኩትም!»

«አምንሃለሁ፣ ሻለቃ። ኦቾሎኒ በዚህች መርከብ ላይ የት ይገኛል?»

«መጠጥ ቤቱ ውስጥ፤ በየጠረጴዛው በሳህን ተቀምጧል። ያሻው ይዘግናል።»

«ከወረቀቶችህ ጥቂት ስጠኝ።»

የሟቹ ጓደኛ፣ ቼዙን ሲጫወት የነበረው ኮንትራክተር፣ ክፍሉ ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ግዙፍ ሰው ነው፤ ያን ለት ግን የተጣጠፈ ካፖርት መስሏል።

«ከምሳ በኋላ አብራችሁ ምን ቀመሳችሁ?»

«ምንም። ውኃ እንኳ አልጠጣንም። ሃያ ደቂቃ ተጫወትን። እያሸነፈኝ ነበር። ሲያስብ መነጽሩን ያወልቅና ዘንጉን ይነክሳል፤ ነከሰ ማለት እኔ አበቃልኝ ማለት ነው። ‹መጣልህ› አለኝ፤ ከዚያ አንገቱን ያዘ።»

«በመካከላችሁ ቅሬታ ነበር?»

ሰውየው መዳፎቹን አየ። «ሌላ ሰው ሳይነግርዎ እኔው ልንገርዎ። ባለፈው ዓመት የተደረመሰውን የገበያ አዳራሽ የሠራሁት እኔ ነኝ። አስራ አንድ ሰው ሞቷል። እሱ ከዚህ ጉዞ ሲመለስ አጣሪዎቹ ፊት ሊመሰክር ነበር። ሰው ሁሉ በእኔ ላይ ነው የሚመሰክረው ይላል።»

«እውነት ነው?»

«አልጠየቅሁትም፣ እትዬ። ስድስት ቀን አብሬው ስበላ ስጠጣ አፌ ላይ እየመጣ ተመለሰ። ፈራሁ።»

ወንድምየው በሩን የከፈተላት ገና ሳታንኳኳ ነው። ዓይኑ ደም ለብሷል።

«ጋሼ ነው ያሳደገኝ» አለ። «አባታችን ሲሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እኔን ለማስተማር ብሎ ትዳሩን እንኳ አዘግይቷል።»

«ሲታመም የት ነበሩ?»

«ስፖርት ክፍል፣ ሦስት ፎቅ በላይ። አሠልጣኙን ይጠይቁት።»

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«የግንባታ ዕቃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነኝ። ሲሚንቶ፣ ብረት... እንደሱ።» ልትወጣ ስትል ተከተላት። «አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ሰዓቱንም ቀለበቱንም ለባለቤቱ ይስጧት። እኔ መነጽሩን ብቻ ለማስታወሻ ባገኝ። ዛሬውኑ ቢሆን ደግሞ...»

«ነገ እንነጋገር» አለችው። እንባው እውነተኛ ነበር። ያ ነው ያስጨነቃት።

ሚስትየው ከክሊኒኩ በር አልራቀችም። ኃላፊዋ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ቀዩ ቦርሳ ከእጅዎ የሚለየው መቼ ነው?»

«ስዋኝ ብቻ። ትናንት ከሰዓት ‹ጠብቁልኝ› ብዬ መዋኛው ዳር ጥላ ሥር ለተቀመጡት ለወንድሙና ለጓደኛው ትቼው ገባሁ።»

«መነጽሩንስ ሁልጊዜ ያደርገው ነበር?»

«ለንባብና ለቼዝ ብቻ። ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ጠፍቶበት ሲያጉረመርም ነው የዋለው። ዛሬ ከምሳ ስንነሳ ወንድሙ ‹ሶፋ ሥር አገኘሁት› ብሎ በእጁ አደረገለት።» ፊቷን ሸፈነች። «እትዬ፣ መርፌው ላይ ስህተት ሠርቼ ከሆነ አይደብቁኝ።»

ኃላፊዋ የክፍላቸውን ካዝና እንድትከፍትላት ብቻ ለመነቻት። ከፓስፖርቶቹ ሥር አንድ ፖስታ ነበር፤ ሚስትየው አይታው አታውቅም።

በማግስቱ ወደብ ሊገባ አንድ ሰዓት ሲቀረው ሁሉም በንባብ ክፍሉ ተሰበሰቡ፦ ሚስትየው፣ ወንድምየው፣ ኮንትራክተሩ፣ ነርሷ፣ ሻለቃውና ካፒቴኑ። ጉሙ አልተነሳም። ጠረጴዛው ላይ ሁለቱ መርፌዎች፣ የሟቹ መነጽር፣ ፖስታውና ቢጫ የመርፌ መጣያ ሳጥን ተደርድረዋል። ወንድምየው ሳጥኑን ሲያይ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ካፒቴኑ «ይቀመጡ» አለው።

ኃላፊዋ ከመርፌዎቹ አንዱን አነሳች።

«እውነተኛ መርፌ አንዴ ከተተኮሰ አበቃ፤ ዳግመኛ አይነሳም። ይኼን ተመልከቱ።» ጫፉን ጠረጴዛው ላይ ጫን አደረገችው፤ ወደ ውስጥ ተመለሰ። እንደገና ተጫነችው። ጠቅ! መለሰችው፣ ተጫነችው። ጠቅ! ሚስትየው እንደ ተወጋ ሰው ዘለለች።

«የልምምድ መርፌ ነው። ከክሊኒኩ ተሰርቆ፣ የእውነተኛው መለያ ወረቀት ተልጦ ተለጥፎበታል። ነጭ ሱሪ ለብሶ ሁለቴ የተወጋ ሰው ላይ ነጥብ ደም ያልታየው ለዚህ ነው።» ወደ ሚስትየው ዞረች። «እጅዎ አልሳተም፣ እህቴ። በጊዜው ነው የደረሱት፤ አድራጎትዎም ትክክል ነበር። እጅዎ ላይ የነበረው ባዶ ፕላስቲክ ነው።»

ሚስትየው ሁለት እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው።

«እንግዲህ ኦቾሎኒው በምን ገባ? ሻለቃው ወጥ ቤቱን አጽድቶ አሳየኝ። ሟቹ ከምሳ ወዲህ ውኃ እንኳ አልቀመሰም። ግን ከቀኝ ጆሮው ጀርባ ሰንበር ነበረው። ከጆሮ ጀርባ ውሎ ወደ አፍ የሚገባ ነገር አንድ ብቻ ነው።» ከሻለቃው ወረቀቶች አንዱን በመነጽሩ ግራ ዘንግ ላይ አሸችው። ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሌላውን በቀኙ ዘንግ ላይ አሸችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ። ቀስ እያለ አንድ ቀይ መስመር ወጣ። ከዚያ ሁለተኛው።

«የአምላክ ያለህ!» አለ ሻለቃው።

«የኦቾሎኒ ዘይት እዚህ ላይ የቀባው ሰው ሟቹ ሲያስብ ዘንጉን እንደሚነክስ ያውቃል። ነገሩ ሲፈጸም ደግሞ በቦታው መገኘት አላስፈለገውም፤ ሦስት ፎቅ በላይ ላብ ሲያወጣ መታየት ይችላል። ሚስት ናት? ገዳይ ብትሆን መርፌዎቹን ትደብቃቸው ነበር እንጂ እኔ እስክመጣ ታቅፋቸው አትቀመጥም። ጓደኛው ነው? ቦርሳው አጠገብ ተቀምጧል፣ እውነት ነው። መነጽሩ ግን ከጠፋበት ወጥቶ የደረሰው በቀጥታ ከአንድ ሰው እጅ ነው። ያ ሰው ትናንት፣ ከወርቁም ከሰዓቱም ይልቅ፣ መነጽሩን ዛሬውኑ ስጡኝ ብሎ ለመነኝ። ሊያስታውስበት አይደለም፤ ሊጠርገው ነው።»

«ሐሰት ነው!» አለ ወንድምየው። «ጋሼን እኔ? በምን ምክንያት?»

«ወደሱ እንመጣለን። እውነተኞቹ መርፌዎች የት ሄዱ? ባሕር ውስጥ እንዳይጣሉ በመርከቧ ዙሪያ ካሜራ አለ። ቆሻሻ ቢጣሉ ሠራተኛ ያገኛቸዋል። ማንም እጁን የማይሰድበት ዕቃ ግን አንድ አለ። ይኼ ሳጥን ዛሬ ጠዋት፣ ካፒቴኑ ባሉበት፣ ከእርስዎ ክፍል የወጣ ነው። ገና አልተከፈተም። ነርስ፣ ክፈቺው።»

ነርሷ ወፍራም ጓንት አጥልቃ ክዳኑን ሰበረች። ቀጫጭን የኢንሱሊን መርፌዎች ተንኮሻኮሹ። ከመሃላቸው ሁለት ወፍራም እስክሪብቶዎች ወጡ፤ መለያ ወረቀታቸው ተልጧል፣ መድኃኒታቸው ሙሉ ነው፣ አልተተኮሱም።

ከውጭ ጡሩምባው አጓራ።

«ዓርብ ከሰዓት ነበር» አለ ወንድምየው በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። «የሲሚንቶውን ጥንካሬ የምንፈትንበት የመጭመቂያ ማሽን ተበላሽቶ ነበር። ሁልጊዜ ጥሩ ሲሚንቶ ነው የሚመጣው። ሳልፈትን ፈረምኩ። አንድ ፊርማ... አዳራሹ ሲወድቅ ጋሼ ሰነዱን አገላብጦ ደረሰበት። ወደዚህ ጉዞ ያመጣኝም ለዚሁ ነው። ‹ወደብ እስክንገባ አስብበትና ራስህ ተናገር› አለኝ። በየቀኑ ቁርስ ላይ ያየኛል። አይቆጣም፣ አይናገርም፣ ያየኛል ብቻ። አልቻልኩም።»

ኮንትራክተሩ ከወንበሩ ተነሳ። «በእኔ ላይ አልነበረም ማለት ነው?»

ኃላፊዋ ፖስታውን ከፈተችና አነበበች፦ «‹ኮንትራክተሩ ሲሚንቶውን አስመርምሯል፤ ብቁ ነው የሚል ማረጋገጫም ተሰጥቶታል፤ ጥፋት የለበትም። ፈተናው ሳይደረግ እንደተደረገ አድርጎ የፈረመው› ይላል፤ ከዚያ...» ወረቀቱን ወደ ወንድምየው አዞረችው። እስካሁን «እርስዎ» ስትለው የነበረችው ሴት አሁን «አንተ» አለችው። «ከዚያ ባዶ ነው። ስምህን አልጻፈም። ቦታውን ትቶልሃል።»

ወንድምየው ባዶውን መስመር ብዙ አየው። ከዚያ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ኮንትራክተሩ ግዙፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ፤ ስድስት ቀን ሙሉ ሳይጠይቀው የቀረውን አንድ ጥያቄ አሁን የሚመልስለት የለም።

መርከቧ ወደቡን ስትነካ ፖሊሶች ወጥተው ወንድምየውን ወሰዱት። በሚስትየው አጠገብ ሲያልፍ ቆም አለ፤ እሷ ቀና አላለችም።

ኃላፊዋ የምስክርነት ቃል መቀበያውን ወረቀትና ብዕር አቀረበችላት። «በገዛ እጅዎ መጻፍ አለበት። የሟቹ ሙሉ ስም፣ ከሥሩ የተጠርጣሪው ሙሉ ስም። ካልቻሉ እንጠብቃለን።»

«እችላለሁ» አለች።

የባሏን ስም ከነአባቱ ጻፈች። ወደ ሁለተኛው መስመር ወረደችና የወንድሙን ስም ጻፈች። የአባቱ ስም ጋ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። አሁን በላይኛው መስመር ላይ የጻፈችው ያው ስም ነበር።