ጊጋ ማዘርቦርዱን ሳያማክር

ጊጋ ከኮምፒውተር ዕቃ መሸጫው ሲወጣ ካርቶኑን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ጽሑፉን ወደ መንገዱ አዙሮ ነበር የያዘው። ካርቶኑ ከመዳፍ አይበልጥም። አያያዙን ላየ ግን ፍሪጅ የተሸከመ ይመስላል። ስሙን ያወጡለት የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ የማንም ኮምፒውተር ወሬ ሲነሣ "ስንት ጊጋ ነው?" ሳይል አያልፍማ! መልሱ ትንሽ ከሆነ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ትልቅ ከሆነ ደግሞ የራሱ ይመስል ይኮራል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚሰማው እሷ ስትቆጣ ብቻ ነው።

ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ሁለት አዳዲስ ራሞች ነበሩ። ራም ማለት ኮምፒውተር የጀመረውን ሥራ ከፊቱ ዘርግቶ የሚያቆይበት ማስታወሻው ነው። ሲጠበው ይንቀራፈፋል፣ ሲብስበትም ሥራውን ጥሎ ይዘጋል። የጊጋና የእህቱ ኮምፒውተር ሰሞኑን እንዲህ ሆኖ ስላስቸገረ ራም መግዛቱ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ የገዛበት መንገድ ነው።

ሻጯ "ማዘርቦርድህ የትኛው ነው? ፕሮሰሰሩስ?" ብላ ጠይቃው ነበር።

"እሱን ተዪው። ትልቁን ስጪኝ።"

"ትልቁን እኮ ማሽንህ ካልቻለው..."

"የኔ እመቤት፣ እኔን ነው ስለ ራም የምታስተምሪው?" አላት፣ ከኋላው ለቆሙት ሰዎች ጭምር እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

እውነቱን ለመናገር ጊጋ የማዘርቦርዱን፣ የኮምፒውተሩ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበትን ሰሌዳ፣ ስም አያውቀውም ነበር። "አላውቀውም፣ አይቼ ልምጣ" ማለት ደግሞ በእነሱ ቤት የለም። አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መንገድ ጠፍቶት እንኳ ሰው የማይጠይቅ ሰው ነበር። አንድ ጊዜ የዘመድ ሠርግ ብሎ ወጥቶ የማያውቃቸው ሰዎች ሠርግ ላይ በልቶ፣ ጨፍሮ፣ ሙሽሮቹንም መርቆ ተመልሷል። ቤተሰቡ ይህን እየሳቀ ያወራዋል እንጂ የተማረበት የለም። የሚጠይቅ ሰው ያልገባው ሰው ነው፣ ያልገባው ሰው ደግሞ ይናቃል። ጊጋ ያደገው በዚህ ነው።

የቤታቸው የፊት ክፍል እናቱ ልብስ የምትሰፋበት ነው። የጓሮው ክፍል ደግሞ ታናሽ እህቱ ፊልም የምታቀናብርበት፣ "ስቱዲዮ" የሚሉት። ጊጋ ሲደርስ የሰፈሩ ልጃገረዶች የእግር ኳስ ቡድን አምበል ካልሲዋን እስከ ጉልበቷ ስባ በሩ ላይ ትጠብቀው ነበር።

"ጋሽ ጊጋ! ፊልማችን ደረሰ ወይስ አሁንም እየተሽከረከረ ነው?"

"ዛሬ ያበቃለታል። ይህን አየሽው?"

"ማስቲካ ነው?"

"ማስቲካ! ፈጣን ራም ነው እንጂ! ይህ ሲገባ ፊልማችሁ እንደ አጥቂያችሁ ነው የሚሮጠው።"

"አጥቂያችን እኮ እግሯን ታማ ተኝታለች።"

ጊጋ አልሳቀም። አምበሏም የቀለደችው ጭንቀቷን ለመሸፈን ነበር። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ባዶ መሬት ልጃገረዶቹ የሚጫወቱበት ብቸኛው ቦታ ነው። አሁን ግን መኪና ማቆሚያ ይሁን የሚሉ መጥተዋል፣ ቅዳሜ የአካባቢው ምክር ቤት በአዳራሹ ተሰብስቦ ይወስናል። ከምክር ቤቱ አባላት መካከል እነዚህን ልጆች ሲጫወቱ ያየ አንድም ሰው የለም። "ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ፊልማችሁን እናያለን" ብለው ቃል ገብተዋል። ፊልም ከሌለ ግን መሬቱ ባዶ መሬት ነው፣ ባዶ መሬት ላይ ደግሞ መኪና ይቆማል።

እህቱ የዓመቱን ጨዋታዎች ቆርጣና ቀጥላ ጨርሳለች። የቀረው ኮምፒውተሩ ያንን ሁሉ አዋህዶ አንድ ፊልም አድርጎ እንዲያወጣው ነበር።

ጊጋ የኮምፒውተሩን ክዳን ፈታ። ማዘርቦርዱ ላይ አራት የራም ማስገቢያዎች አሉ፤ በአንዱ አሮጌው ራም ተቀምጧል።

"ቆይ እስቲ፣ ቦርዱ ይህን ይቀበለዋል?" አለች እህቱ።

"ገባ አይደል? ከገባ ተቀበለ ማለት ነው።"

ሁለቱን አዳዲሶች ጎን ለጎን ሰካቸውና አሮጌውን ሊነቅል ሲል እናቱ በጣቷ መለኪያ ሜትሯን እንደጠመጠመች ብቅ አለች።

"እሱን ደግሞ የት ልትወረውረው ነው?"

"አርጅቷል እማዬ።"

"ቢያረጅስ? ቦታ ሞልቶ የለም እንዴ? እስከ ዛሬ ያበላችሁ እኮ እሱ ነው። ይቀመጥ!"

ተቀመጠ። በዚያ ቤት ከእናትየው ቃል የሚያልፍ የለም።

ኮምፒውተሩ ተነሣ። ግን የራሙ ፍጥነት ተብሎ የመጣው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው በጣም ያነሰ ነበር። ጊጋ የተሰደበ ያህል ተሰማው።

"ምንድን ነው ይሄ? የከፈልኩበት ፍጥነት የት ሄደ?"

"ምናልባት ቦርዱ የሚችለው ይህን ያህል ይሆናል" አለች እህቱ። "ፕሮሰሰሩም..."

"እንዴት አይችልም? እናስችለዋለን!" አለና የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ትልቁን ቁጥር መረጠ። ማሽኑ ተንደፋድፎ፣ አንዴ ጠፍቶ፣ ተነሣ። ጊጋ እጁን ኪሱ ከተተ። "አላልኩሽም?" አለ።

እህቱ ሥራውን አስጀመረች። ፊልሙ ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ ሩቡን ሲያልፍ ስክሪኑ ድርግም! እንደገና አስጀመሩት። አሁንም ድርግም! በሦስተኛው ኮምፒውተሩ ተመልሶ ሲነሣ የሥራ ፋይሉ አልከፈት አለ። ራሙ ሲዘባርቅ ውስጡ የነበረውንም ሥራ አዘበራርቆት ኖሮ የመጨረሻው ጨዋታ ቅንብር፣ አሸናፊዋ ጎል ያለችበት፣ እንዳልነበረ ሆነ። በካሜራ የተቀረጸው ጥሬው አለ። ያቀናበረችው ግን ሄደ።

  እህቱ ወንበሯን ትታ ወደ ፊት ክፍል ሄደችና እናቷ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠች፤ ጊጋም ተከተላት።

እናትየው "ግን ይሄ ራም የምትሉት ነገር ምንድን ነው?" ስትል ጠየቀች።

"ያንቺ የመቁረጫ ጠረጴዛ በይው እማዬ። ጨርቁ ተዘርግቶ ተራውን የሚጠብቅበት። ፕሮሰሰሩ አንቺና የስፌት መኪናሽ ናችሁ፣ ሥራውን የምትሠሩት እናንተ። ማዘርቦርዱ ደግሞ ከጠረጴዛው እስከ መኪናው ያለው መተላለፊያ ነው።"

"እሺ።"

"ጊጋ አዳራሽ የሚያህል ጠረጴዛ ቢገዛልሽና መኪናሽ ያው የድሮው ቢሆን፣ መተላለፊያውም ጠባብ ቢሆንስ?"

"ጨርቅ ይከመራል እንጂ ቀሚስ አይወጣም።"

"ከዚያ 'ካልፈጠንሽ' ብሎ መቀበል ከምትችይው በላይ ጨርቅ ቢወረውርብሽስ?"

"መርፌዬ ይሰበራላ! ጨርቁም ይበላሻል!"

"በቃ። ያደረገው ይህንን ነው።"

እናትየው ወደ ልጇ ዞረችና ሙሉ ስሙን ጠራችው። ጊጋ መሬት መሬት አየ። በዚሁ መሃል አምበሏ ሁለት የቡድኗን ልጆች አስከትላ ገባች። የሦስቱም ማልያ ታጥቦ ተተኩሷል፤ ለቅዳሜ መሆኑ ነው። ማንም ምንም ሳይነግራት የሁሉንም ፊት አየችና "የለም፣ አይደል?" አለች። አልቀለደችም።

ጊጋን የሰበረው ይህ ነው። የሻጯን ማስጠንቀቂያ ችሎ፣ የእናቱን ቁጣ ችሎ፣ የማልያዎቹን መተኮስ ግን አልቻለም። የኮምፒውተሩን ክዳን አንሥቶ የማዘርቦርዱን ስም አነበበ፣ የፕሮሰሰሩን ስም እህቱን ጠየቀ። አዎ፣ ጠየቀ! ሁለቱን እየደጋገመ በአፉ እያጠና ወደ መሸጫው ሄደ።

ሱቁ ሙሉ ነበር። ሻጯ ገና ሲገባ አወቀችው።

"ትልቁን ስጪኝ ያልከኝ አንተ ነህ አይደል?"

"እኔ ነኝ።" ጆሮው ጋለ። "አሁን የመጣሁት ልጠይቅሽ ነው። ማዘርቦርዴና ፕሮሰሰሬ እነዚህ ናቸው። ስንት ይችላሉ? ያልገባኝ ነገር አለ።"

ይሳቅብኛል ብሎ ጠበቀ። የሳቀ አልነበረም። እንዲያውም አጠገቡ የቆሙ ከረባት ያሰሩ ሰውዬ ጠጋ ብለው ጆሯቸውን ሰጡ።

ሻጯ ነገሩን አስረዳችው። ራሙን የሚያዝዘው ክፍል ያለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ከሚቀበለው በላይ፣ ማዘርቦርዱም ከሚያስኬደው በላይ ራም በራሱ አይሮጥም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ራሙ የሚችለው እንጂ የእሱ ማሽን የሚችለው አይደለም።

"ጎን ለጎን ነው የሰካሃቸው?"

"አዎ፣ ጎረቤት አደረግኳቸው።"

"አታጎራብታቸው! አንዱን እየዘለልክ፣ ባንተ ቦርድ ቀለማቸው አንድ የሆነ ማስገቢያ ላይ አድርጋቸው። ያኔ በሁለት መንገድ ያመላልሳሉ። አሁን በአንድ መንገድ ነው የሚጋፉት። አሮጌውስ?"

"እማዬ ይቀመጥ ስላለች..."

"አሮጌው ካለ አዲሶቹም በእሱ እርምጃ ነው የሚሄዱት። ዘገምተኛው ነው የሁሉንም ፍጥነት የሚወስነው። አውጣው፣ ከዚያ ቦርዱ ራሱ የመረጠውን ፍጥነት አትንካበት። ደግሞ ተአምር አትጠብቅ፤ ፕሮሰሰርህ አርጅቷል። ግን ሥራህን ይጨርስልሃል።"

ከረባት ያሰሩት ሰውዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "እኔም እኮ ትልቁን ልግዛ ብዬ ነው የመጣሁት" አሉ ቀስ ብለው። "የቦርዴን ስም ግን አላየሁም። አይቼ ልምጣ መሰለኝ።"

ቤት ሲደርስ ከባዱ ሥራ አሮጌውን ራም ማስነቀል ነበር። ነገሩን ለእናቱ ነገራት።

"ስለዚህ እሱ ካለ ሁሉም ይጎተታል?"

"ሁሉም።"

"ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም! እኔ እኮ እንደ ሰው ነው ያዘንኩለት!" አለችና ራሴ ካልነቀልኩት ብላ በግድ ነው ያስተዋት።

ኮምፒውተሩ ተነሣ። ቁጥሩ ከካርቶኑ ያነሰ ነበር፤ ጊጋም አየውና እጁን አልሰደደም። እህቱ የመጨረሻውን ጨዋታ እንደገና ልትቆርጥ ተቀመጠች፣ አምበሏም አጠገቧ። "እዚህ ጋ አቁሚ፣ እዚህ ጋ ነው ኳሷን የቀማኋት" እያለች ከበፊቱ የተሻለ አስቀጠለቻት። ከዚያ ፊልሙ መውጣት ጀመረ። ሩቡን አለፈ። ግማሹን አለፈ። በፍጥነት አልነበረም፣ ግን አንድም ጊዜ አልቆመም። ሲያልቅ ከፊት ክፍል ሳይቀር እልልታ ተሰማ፤ ለካ እናትየው መኪናዋን አቁማ ስታዳምጥ ነው የቆየችው።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ልጃገረዶቹ በተተኮሰ ማልያቸው አንድ ረድፍ ይዘው፣ አጥቂያቸው የታመመ እግሯን ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ፊልሙ ግድግዳው ላይ ሲበራ ራሳቸውን ግድግዳ ሙሉ ሆነው አዩ። ያቺ ባዶ መሬት ድንጋይዋ በእጃቸው ሲለቀም፣ መስመሯ ሲሰመር፣ ከዚያ ኳሷ... ጎሉ ሲገባ የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ራሳቸው ሳያስቡት ብድግ አሉ። ብድግ ያለ ሰው ደግሞ ስለ መኪና ማቆሚያ ማውራት ይከብደዋል። እጅ ተቆጠረ። መሬቱ ሜዳ እንዲሆን ተወሰነ።

አዳራሹ ሲረጋጋ ሰብሳቢዋ "ይህን የሠራ ማን ነው?" አሉ። ብዙ ሰው ጊጋን አየ፤ በሰፈሩ የኮምፒውተር ነገር የእሱ ነዋ። ጊጋም ተነሣ።

"ፊልሙን የሠራችው እህቴ ናት" አለ። "እኔ ያልገባኝን ሳልጠይቅ ገዝቼ ላበላሽባት ነበር። ዛሬ የደረሰው ስለጠየቅሁ ነው።" ከዚያ እህቱን ክንዷን ይዞ አስነሣት። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። አንገቱን ቀና ያደረገው ያኔ ነው፤ ስለ ትልቅ ቁጥር ሳይሆን ስለ እህቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ "አላውቅም" ብሎ ስላወቀው ነገር። እንዲህ ያለ ኩራት ደግሞ ለሰው ያምርበታል።

እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ኮምፒውተራችሁ ሲንቀራፈፍ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደ ትልቁ ቁጥር አትሩጡ። መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ የሚቀበለውን፣ ማዘርቦርዱ የሚያስኬደውን እወቁ፣ ራሙን ለእነሱ የሚስማማ ግዙ። ካላወቃችሁ ጠይቁ። ሰው ፊት ጠይቁ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ጠይቁ። ዝም ብሎ የሚያውቅ መምሰል ዋጋው ብዙ ነው፤ ሂሳቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በእናንተ ላይ ሳይሆን ፊልሜ ይደርሳል ብላ ማልያዋን ተኩሳ በምትጠብቅ ልጅ ላይ ነው።