ንጉሥ የሚነሣለት ሰው

በዘርማን ምድር ንጉሥ ከዙፋኑ ተነሥቶ ካባውን የሚያለብሰው አርባ ዓመት ሕዝብ አገልግሎ የሚሰናበትን ሰው ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ተራው የአባ ኡርማል ሆነ፤ የዘላለም ፋኖስ ጠባቂ ናቸው። ዳሩ ግን በመሸኛቸው ዋዜማ ሰማዩ ደም መሰለ፤ ክንፋሙ አውሬ ሻጉልም ወርዶ ፋኖሱን ነጥቆ በረረ። ነበልባሉ ከጠፋ ውርጭ ከዘርማን ላይ አይነሣም።

ጦረኛው ቀልዓድ ይህን ሲሰማ፣ እውነቱን እንናገር፣ ደስ አለው። ሰባት አውሬ የገደለ እሱ፤ ንጉሥ የሚነሣው ግን ዘይት ሲጨምር ለኖረ ሽማግሌ! ቅናት ሲያንገበግበው ከርሟል።

«በሰማይና በምድር እምላለሁ፤ ፋኖሱን ሳልመልስ ዓይናችሁን አላይም!» ብሎ በአደባባይ ማለ። ቀስተኛዋ ሲራኔ ተከተለችው። አባ ኡርማልም ምርኩዛቸውን አነሡ።

«እርስዎ እንኳ ይቅሩ አባቴ፤ ካባው እንዳይቆሽሽ» አለ ቀልዓድ በሽሙጥ።

«ፋኖሱ ሳይኖር ምኑን ተሸኘሁት ልጄ?»

በሦስተኛው ቀን ከዋሻው ደረሱ። የሲራኔ ቀስት የሻጉልን ዓይን አጠፋ፤ የቀልዓድ ሰይፍ አንገቱን ቆረጠ። ግን የፋኖሱ ብርጭቆ ተሰብሮ፣ ነበልባሉ ባቄላ አክሎ ነበር፤ መመለሻው ደግሞ ማዕበል በማያርፍበት ጠባብ የተራራ መተላለፊያ፣ በነፋስ በር ነው። አባ ኡርማል መዳፋቸውን በእሳቱ ዙሪያ ከለሉ። ቀልዓድ ያኔ አየ፤ መዳፋቸው ጠባሳ በጠባሳ ላይ ነው። ለካ በየማዕበሉ ብርጭቆ ሲሰበር እንዲህ ነበር የሚያድሩት።

ከበሩ መሐል ሲደርሱ የሽማግሌው ጉልበት ከዳቸው። ትቷቸው ቢሄድ ክብሩ የቀልዓድ ብቻ ይሆናል። አሰበው፤ አስቦም አፈረ። እሳቸውን ለሲራኔ አስደግፎ ፋኖሱን በግራው ያዘ፤ በሰይፍ እጁ እሳቱን ከለለ። እየጮኸ ተሻገረ። ከዚያ ወዲያ ያ እጅ ሰይፍ ጨብጦ አያውቅም።

በአደባባዩ ንጉሡ ተነሥተው አባ ኡርማልን ካባ አለበሱ። የቀልዓድን ልብ አሁንም ቅናት ቆነጠጠው። ንጉሡ ሳይቀመጡ ወደ እሱ ዞሩ።

«ቀልዓድ ሆይ፣ ቅረብ። ለአንተም ቆሜያለሁ።»

ስንት ዓመት የተመኘው! የተጠቀለለ እጁን አየና እጅ ነሣ።

«ይቀመጡ፣ ንጉሤ ሆይ። ፋኖሱን እኔ ልጠብቅ፤ አርባ ዓመት ሲሞላኝ የልጅ ልጅዎ ይነሡልኛል።»

አባ ኡርማል የዘይቱን ማሰሮ አቀበሉት።

«በል እንግዲያው ፍጠን፤ የመጨመሪያው ሰዓት አልፏል» አሉት።