አንድ ነጭ ጣሪያ፣ ሁለት ክፍል

አቶ ዮም ቻንግሶክ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ በክፍላቸው ወለል ላይ በጎናቸው እንደተኙ ሞተው የተገኙት ኦገስት 12 ጠዋት ነው። ሐኪሙ ከአስከሬኑ ላይ ቀና ብሎ «ሙቀት ነው የገደላቸው፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ» ሲል፣ በሩ ላይ የተሰበሰበው ጎረቤት እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ሁሉም ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ።

በደቡብ ኮሪያዋ ዴጉ በሙቀት መሞት አዲስ ነገር አይደለም። ከተማችን በተራሮች መካከል የተጣደች ድስት ናት፤ ኦገስት ሽማግሌ ሳይበላ አይወጣም። የአቶ ዮም ጣሪያ ግን ነጭ ነው። በጁን መጨረሻ፣ ፀሐይን ወደመጣችበት በሚመልስ ቀለም ከተቀቡት የኮረብታው አርባ አንድ ጣሪያዎች አንዱ ነበር። ሹም መጥቶ ፎቶ ተነስቷል፤ «ከእንግዲህ በዚህ ሰፈር በሙቀት የሚሞት የለም» ተብሎ ተጨብጭቧል። ከሞታቸው በኋላ በሚመጣው ሳምንት ደግሞ የማዶው ኮረብታ ስልሳ ጣሪያ ሊቀባ ተራ ይዞ ነበር።

መርማሪ ቦንግ ሄራን ጫማዋን አውልቃ ገባች። ሃምሳውን ያለፈች፣ አጭር፣ ሰው ሲያወራ የማታቋርጥ ሴት ናት፤ ብዙ ሰው እሷ ፊት የሚያወራው ዝምታዋን መቋቋም ሲያቅተው ነው። መስኮቱ ክፍት ነበር። ማራገቢያው የተሞላለት ሰዓት አልቆ ቆሟል። ግድግዳው ላይ የሙቀት መለኪያ፣ ከሥሩ በክር የታሰረ ደብተር ተንጠልጥሏል፤ ሽፋኑ ላይ «የሁለቱ ክፍሎች ሙቀት» ይላል። የሟቹ የቀኝ እጅ ጣቶች ጫፋቸው ቀይ ነው፤ አንድ ዓይናቸው ቆቡ አብጧል።

«መርዝ ነው!» አለ ከኋላዋ የቤቱ ባለቤት አቶ ማ ጊልዉ። «ጣታቸውን እይው!»

«መርዝ ያበላቸው ማነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ካልሆነም ማራገቢያው ነው። ዘግቶ፣ ማራገቢያ ከፍቶ የተኛ ሰው ይሞታል፤ ነፍሷን ይማርና እናቴ ስትነግረን ነው ያደግነው።»

«መስኮቱ ክፍት ነው አቶ ማ።»

«እንግዲያው ቀለሙ ነው!»

«ከሦስቱ አንዱን ይምረጡልኝ» አለች ቦንግ።

አቶ ማ ሦስተኛውን መረጠ። ለዚህ ምክንያት ነበረው። ቤቱን አፍርሰው ፎቅ ለሚሠሩ ሰዎች ሊሸጠው ከፈለገ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሁለቱ ተከራዮች ግን አንለቅም ብለው ቆይተዋል። ጣሪያው ሲቀዘቅዝላቸውማ ጭራሽ ተደላደሉ። ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ለሽማግሌው አዝኜ ነው» እያለ ለወረዳው አቤቱታ አስገባ፤ ቀቢው ቀለም ሰርቆ ሰው ገደለ የሚል። የወረዳው ሰውም ወረቀት ይዞ እኩለ ቀን ሳይሞላ ደረሰ። የማዶው ሥራ ይቆማል፤ ቀቢው ደግሞ ይከሰሳል።

«እርስዎ ለመጨረሻ ጊዜ እዚህ የመጡት መቼ ነው?» አለችው ቦንግ።

«ጁላይ መጨረሻ። በዚህ ሙቀት ማን ዳገት ይወጣል?»

«ሽማግሌው ይወጡት ነበር» አለችና ጥላው ወጣች።

ቀቢው ታክ ሚንጌ ደረጃው ላይ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። የጥፍሩ ዙሪያ አሁንም ነጭ ነው።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለ ሳትጠይቀው።

«እንዴት አድርገህ?»

«ሦስት ጊዜ መቀባት ነበረብኝ። እዚህ ቤት ስደርስ ቀለሙ አለቀብኝ፣ ሁለቴ ቀብቼ ተውኩት። ‹ግዴለም ልጄ፣ ይበቃል፣ ና ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣ› አሉኝ። እኔም የልብ ልብ ተሰማኝና ሄድኩ። ከጁላይ ወዲህ ተመልሼ እንኳ አላየሁም።»

«ሁለቴ የተቀባው ሙሉው ጣሪያ ነው ወይስ በእሳቸው በኩል ያለው ብቻ?»

«ሙሉው። ምን ለውጥ አለው?»

ቦንግ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ አየች። ልጁ ሊታሰር መሆኑን ያውቃል፤ ያስለቀሰው ግን እሱ አልነበረም።

አስከሬኑን ያገኙት በግድግዳ የሚዋሰኗቸው ባልቴት፣ እማማ ኦክቡን ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ገበያ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ፤ ጠዋት ወጥተው አሥራ አንድ ሰዓት ይመለሳሉ። ከኪያር የተሠራው ቀዝቃዛ ሾርባ አሁንም በሳህን እንደተከደነ ጭናቸው ላይ ነበር።

«ቁርስ ይዤላቸው ስገባ ነው ያየሁት፣ ልጄ። ‹ጋሼ ዮም› አልኳቸው። ‹ጋሼ ዮም፣ ይሄን ቀመስ ያድርጉ› አልኳቸው። ሁለቴ ነው የተጣራሁት።»

«ትናንት ማታስ አላዩአቸውም?»

«ትናንት በርበሬዬን ሰብስቤ ወፍጮ ቤት አድርሼ መጣሁና በራቸውን አንኳኳሁ። ዝም አሉ። ደክሟቸው ተኝተዋል ብዬ…» ሳህኑን ጠበቅ አድርገው ያዙት። «ተኝተዋል ብዬ ሄድኩ።»

«ክፍልዎ ይሞቃል እማማ?»

«ኧረ የኔስ ገነት ነው! ይሄን ልጅ አትንኩብኝ፣ ደግ ልጅ ነው። እኔ ገበያ ስውል እንኳ እየመጣ በርበሬዬን ያገላብጥልኛል። ማታ ጣሪያው ላይ ስወጣ ሁሌም ተገላብጦ ነው የማገኘው።»

ቦንግ ግድግዳው ላይ ያየችው ደብተር ትዝ አላት።

«ደብተሩ ላይ የክፍልዎን ሙቀት የሚጽፉት ማን ናቸው?»

«እሳቸው ናቸው። የኔ ዓይን ቁጥር አያይም። ቁልፌን ትቼላቸው እሄዳለሁ፣ ስምንት ሰዓት ሲሆን ይገቡና ያዩልኛል።»

መርማሪዋ በባዶ እግሯ ወደ ጠፍጣፋው ጣሪያ ወጣች። ቀትር ነው፤ መንገዱ ላይ ያለው አስፋልት ጫማ ያጣብቃል። ነጩ ወለል ግን እግሯን አላቃጠላትም። በእማማ ኦክቡን በኩል የሸክላ ጋኖች ተደርድረው ቦታውን ይዘውታል፤ በአቶ ዮም በኩል ግልጥ ሜዳ ነው። ቀለሙ ላይ የበጋው አቧራና የወፍ ኩስ አርፎበታል። በአቶ ዮም ክፍል አናት ላይ ግን አልጋ አንጣፊ የለካው የሚመስል፣ አራት ማዕዘን የሆነ ንጹሕ ቦታ አለ። ማዕዘኖቹ ላይ የጡብ አሻራ ቀርቷል። ተንበርክካ የውሃ መውረጃውን በጣቷ ዳሰሰች፤ ጠፍጣፋ ቢጫ ፍሬዎች ወጡላት። አንዱን በጥርሷ ሰብራ ወዲያው ተፋችው።

ከዚያ ወርዳ ደብተሩን ከፈተች። ካነበበች በኋላ ለረጅም ጊዜ አልወጣችም። የወረዳው ሰው አንገቱን ብቅ አድርጎ «አለቀ?» ሲላት «አዎ፣ አለቀ» አለችው፤ ድምፅዋ ግን ሥራ የጨረሰ ሰው ድምፅ አልነበረም።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ጣሪያው ላይ ሰበሰበቻቸው። እማማ ኦክቡንን ታክ ደግፎ አወጣቸው፤ ጋን ተደግፈው ተቀመጡ።

«ከጣቶቹ ልጀምር» አለች ቦንግ። «ቀዩ መርዝ አይደለም። የበርበሬ ቀለም ነው። በርበሬ የነካ እጅ ዓይን ሲያሽ ምን እንደሚሆን እዚህ የማያውቅ የለም። ማራገቢያውንም እንተወው፤ መስኮቱ ክፍት ነበር።»

«ቀለሙስ?» አለ አቶ ማ።

«ቀለሙ ንጹሕ ነው። ደብተሩ ሁለት ዓምድ አለው፤ በቀኝ የእሳቸው ክፍል፣ በግራ የእማማ። አንድ ጣሪያ፣ አንድ ቀን፣ ያው ሁለቴ የተቀባ ቀለም። ጁላይን በሙሉ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ። ኦገስት 2 ላይ የእማማ ሠላሳ ሆኖ ይቀጥላል፤ የእሳቸው ሠላሳ ስድስት ይሆናል። በማግስቱ ሠላሳ ሰባት። ኦገስት 6 ቀኑን ሙሉ ዘነበ፤ ሁለቱም ሃያ ዘጠኝ። በ7 ፀሐይ ወጣች፣ የእሳቸው እንደገና ሠላሳ ሰባት።»

ታክ ጭንቅላቱን ቀስ ብሎ ቀና አደረገ።

«ቀለሙ መጥፎ ቢሆን ሁለቱም ክፍሎች በጋሉ ነበር። ስለዚህ ኦገስት 2 ላይ ከአንደኛው ክፍል በላይ አንድ ነገር መጥቷል። ፀሐይ ስትወጣ የሚሰጣ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚነሳ። ይሄ ንጹሕ ቦታ ምልክቱ ነው። ጥቁር ነገር ነበር፤ ጥቁር ባይሆን ስድስት ሰባት ዲግሪ አይጨምርም። አንድ ሰው፣ ምንም ክፋት ሳያስብ…»

እዚህ ላይ ቆመች። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ኖራ ዓረፍተ ነገር ጀምራ ያቋረጠችው ያን ቀን ነው። የወረዳው ሰው ወረቀቱን ወዘወዘ። «አንድ ሰው ማለት ስም አይደለም፣ መርማሪ። ስም ካልሰጠሽኝ ልጁ ነው የሚጠየቀው።»

«ሸራው የኔ ነው» አሉ እማማ ኦክቡን።

የወረዳው ሰው ወረቀቱን ዝቅ አደረገ።

«ነጩ ላይ በርበሬው አልደርቅ አለኝ። ድሮ ጣሪያው አረንጓዴ ቀለም ሳለው በአምስት ቀን ቅርንፉድ ይመስል ነበር። ነጩ ላይ ሦስት ቀን አሰጣሁት፣ ጫፉ ሻገተ። ከዚያ ከገበያ ጥቁር ሸራ አምጥቼ ከሥሩ አነጠፍኩለት። ደረቀልኝ።» በእጃቸው ንጹሑን ቦታ አመለከቱ። «አምና የበርበሬ ጎመናችንን፣ ኪምቺውን፣ በገበያ ዱቄት ሠርቼ ሰጠኋቸው። ‹ይጥማል› አሉኝ፤ ግን ሳህኑ ላይ ተረፈ። የፀሐይ በርበሬ ነው የሚወዱት፣ እናታቸው እንደምትሠራው። ዘንድሮ ለብርዱ… ለእሳቸው ብዬ ነው እኮ ልጄ! ለእሳቸው ብዬ ነው!»

ታክ አጠገባቸው ተንበረከከ። «እማማ፣ እኔ ነኝ ያልነገርኩዎት። ነጩን አታልብሱት ብዬ ለማንም አልነገርኩም። በርበሬው ትዝ አላለኝም።»

«አንተማ ታገላብጥልኝ ነበር። ስታገላብጥ ሸራውን አላየኸውም?»

«እማማ… እኔ እኮ ከጁላይ ወዲህ አልመጣሁም።»

አሮጊቷ ልጁን አዩት። ከእሱ ወደ አቶ ማ፣ ከአቶ ማ ወደ መርማሪዋ ዞሩ። የሟቹ ጣቶች ቀይ መሆናቸውን ሲያስታውሱ ፊታቸው ላይ የሆነውን ነገር እኔ መጻፍ አልችልም።

«ያውቁ ነበር?» አሉ።

ቦንግ መዋሸት ፈልጋ ነበር። «ሠላሳ ዓመት በረዶ ፋብሪካ የሠሩ ሰው ናቸው፣ እማማ። ሁለቱንም ቁጥር በየቀኑ የጻፉት በእጃቸው ነው። ያውቁ ነበር።»

«አፋቸው የት ሄዶ ነው? ‹ኦክቡን፣ ይሄን ሸራሽን አንሺ› ቢሉኝ ምን ነበረበት? ቁልፌ እኮ እጃቸው ላይ ነው! ክፍሌ ገብተው ሠላሳ ነው ብለው ጽፈው… ለምን እዚያው ቁጭ አላሉም?»

«የሴት ክፍል ነው ብለው ይሆናል።»

ሐኪሙ ሙቀት ብሎ ጽፏል። እኔ ይሉኝታ እላለሁ። አንዲት ባልቴት የደከመችበትን በርበሬ ላለማበላሸት፣ ሌላ ጥቂት ቀን ብቻ ነው የቀረው ብለው፣ በየቀትሩ ወጥተው አገላብጠውላት፣ ቀዝቃዛ ክፍሏን ቆልፈው ወደ ምድጃቸው የሚመለሱ ሰው ሌላ ምን ይባላል? አበሳጭተውኛል፤ ሞተውም ያበሳጩኛል። 

የወረዳው ሰው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። አቶ ማ ሳይሰናበት ወረደ። ቦንግ አሮጊቷ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ወንጀል የለም እማማ። ልጁም ነፃ ነው። መዝገቡ ላይ ‹ሙቀት› ብዬ ብቻ እጽፋለሁ። ከዚህ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ወሬ አይኖርም።»

እማማ ኦክቡን ግን እሷን አልነበረም የሚያዩት። ቁልቁል የተደረደሩትን ነጭ ጣሪያዎች ነበር የሚያዩት። እዚያና እዚህ፣ ነጩ ላይ ጥቁር ተነጥፎ፣ ጥቁሩ ላይ ቀይ ተሰጥቷል። ቢያንስ አምስት ቤት።

«ለነዚያስ ማን ይነግራቸዋል?» አሉ።

«እኔ እሄዳለሁ!» አለ ታክ።

«አንተን አይሰሙህም። ‹በርበሬና ቀለም ምን አገናኘው› ብለው ይስቁብሃል። አንሳኝ።»

አነሳቸው። ደረጃውን አንድ በአንድ ወረዱ፤ ቦንግ ከፊት፣ ልጁ ከጎን። የመጀመሪያው በር ላይ እማማ ስማቸውን ተናገሩ፣ ከዚያ ያደረጉትን፣ ከዚያ ማን እንደሞተ። ድምፃቸውን አላሳነሱም። የዚያ ቤት ባልና ሚስት ወዲያው ወደ ጣሪያቸው ሮጡ። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም በር እንዲሁ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ደገሙት።

አራተኛው በር ላይ ጎበጥ ያሉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ሰምተው ሲያበቁ ጣሪያቸውንና እማማ ኦክቡንን እያፈራረቁ አዩ።

«ይሁን፣ አነሳዋለሁ። ታዲያ በርበሬዬ ይሻግት? ልጆቼ ለኪምቺው ይመጣሉ እኮ።»

«የኔን ውሰጂ፤ ተፈጭቶ ወፍጮ ቤት ተቀምጧል» አሉ እማማ ኦክቡን። «እኔ የማበላው ሰው የለኝም።»