ያልተለወጠው 2153

አዛውንቱ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው ወተት የነበረበት ብርጭቆ ቆሟል። ከሥሩ የእንቅልፍ ክኒን ዱቄት ረግቷል።

የኮምፒውተሩ ማስታወሻ መጻፊያ ክፍት ነበር።

«ደክሞኛል። የሥራዬን 2153 እንኳ ሳልጨርስ መሄዴ ነው። ይቅር በሉኝ።»

ሟቹ የሂሳብ መምህር ነበሩ። የክፍልፋይ መማሪያ መጽሐፍ ስለጻፉ ተማሪዎቻቸው «ጋሽ ክፍልፋይ» ይሏቸዋል። ሬሳውን ያገኘችው ልጃቸው ሶፋው ጫፍ ላይ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች። እሷም ሂሳብ ታስተምራለች።

መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ማታ ደውሎልኝ ነበር» አለች ልጅቱ። «ደክሞኝ ነበር፤ ነገ እደውላለሁ ብዬ ተውኩት። ራሱን ካጠፋ ሊሰናበተኝ ነው የደወለው፣ አይደል?»

መርማሪዋ የያዘችውን ደብተር ዘጋች።

«አላለቀስኩም እኮ። ምንም አይሰማኝም። ምን ሆኜ ነው?»

2153 ፖሊሶቹን አዞራቸው። የካዝና ቁጥር ነው ተባለ፤ ካዝና የለም። ኋላ የጎረቤቱ መኪና ሰሌዳ ላይ ተገኘ። ጎረቤቱ ደግሞ በአጥር ተጣልተው ከሟቹ ጋር ሆድና ጀርባ ነበሩ።

«ማታ የት ነበሩ?»

«ሆስፒታል። ሚስቴ ስትወልድ።»

«ማን አይቶዎታል?»

«አዋላጇ፣ አማቴ፣ ልጄም። እሱ እንኳ ገና አፉን አልፈታም።»

ተጣራ። እውነታቸውን ነበር።

መርማሪዋ ‹ሥራዬ› የሚለውን ቃል ይዛ መጽሐፋቸው ወደሚታተምበት ማተሚያ ቤት ሄደች። የሟቹን መጻሕፍት ገጽ የሚያቀናብረው ሰው ከጣቱ ፍጥነት የተነሳ «መብረቅ» ይባላል። ብትመጣበትም ሥራውን አላቆመም።

«እቤታቸው ትሄድ ነበር?»

«ድሮ። ዘንድሮ ደጃቸውን አልረገጥኩም።»

ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነበር። መብረቅ 2153 ብሎ መታ፤ ወዲያው ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነ። ቁጥሩ ጠፋና በቦታው ⅓ ተቀመጠ።

መርማሪዋ ደነገጠች። ድምጿን ግን አልለወጠችም።

«ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጥበብ ነው?»

«አቋራጭ ነው» አለ ደስ ብሎት። «የምልክቱን ቁጥር ትጽፊያለሽ፤ ከዚያ አልትና ኤክስን ባንዴ ትጫኛለሽ። 2153 አንድ ሦስተኛ፣ 2154 ሁለት ሦስተኛ። እጄ ለምዶት ቀና ብዬም አላይ።»

«ጋሽ ክፍልፋይስ ይችሉበት ነበር?»

«እሳቸው?» ሳቀ። «ቦታውን ክፍት ይተዉና ሲታተም በእስክሪብቶ ይሞሉታል። ስንቴ ላሳያቸው ብል እምቢ አሉ። እዚህም ቢሆን ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም።»

«በሁሉም ቦታ ይሠራል?»

«ኧረ የለም! ተራው ማስታወሻ መጻፊያ ላይ ብትሞክሪው ቁጥሩ እንዳለ ይቀ...»

ጣቶቹ ቆሙ።

«እንዳለ ቀረ» አለች መርማሪዋ። «ማታም ቀና ብለህ አላየህም።»

መብረቅ እጆቹን ከኪቦርዱ አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ጉዳይ የሚያወራ ይመስል ነበር።

«ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ ስሜ ከስማቸው ሥር ነበር። ዘንድሮ አወጡኝ። ‹መልመጃውን እንደ አዲስ የሠራችው ልጄ ናት፣ የእሷ ይግባበት› አሉ። ክኒኑን ይዤ ሄድኩ። እሺ ቢሉኝ እጥለው ነበር። ለመንኳቸው፤ አሻፈረኝ አሉ። ስልክ ሊደውሉ ሲነሱ ወተታቸው ውስጥ ጨመርኩት።»

«ለማን?»

«ለልጃቸው። ስሟ ሽፋኑ ላይ መሆኑን ሊያበስሯት። አላነሳችም። ‹በቃ፣ ነገ እነግራታለሁ› አሉና ወተታቸውን ጠጡ።»

ልጅቱ ያንኑ ሶፋ ጫፍ ይዛ ነበር። መርማሪዋ የሟቹን ስልክ ልትመልስላት በቦርሳዋ ይዛ መጥታለች። የሰማችውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻት።

«ራሱን አላጠፋም?»

«አላጠፉም።»

«ሊሰናበተኝ አልነበረም የደወለው?»

«ሊያበስሩሽ ነበር። ነገ እነግራታለሁ ነው ያሉት።»

«እሺ» አለች ልጅቱ።

ስልኳን ከፈተችና ያላነሳችው ጥሪ ላይ ተጫነች። በመርማሪዋ ቦርሳ ውስጥ የአባቷ ስልክ ጮኸ። ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። እስኪያበቃ ጮኸና ዝም አለ።

ልጅቱ ያኔ አለቀሰች።